በደጅ የሚያልፍ ሰዓት ዋጋ

ከጥንት ጀምሮ በኢትዮጵያ ምድር ደጅ መጥናት የታወቀ ነገር ነበረ። ርስቱን የተነጠቀ ገበሬ፥ ሹመት የሚሻ መኰንን፥ ፍርድ የዘገየበት ባለ ጕዳይ፥ ሁሉም ስንቁን ቋጥሮ፥ በቅሎ ያለው በበቅሎ፥ የሌለውም በእግሩ ተጕዞ ከባለ ሥልጣኑ አጥር ሥር ይሰፍር ነበር። ጌታው ሲወጣ ቆሞ እጅ ይነሣል፤ ሲገባም ቆሞ እጅ ይነሣል። ቀኑ ሳምንት፥ ሳምንቱም ወር ይሆናል፤ ስንቁ ያልቃል፤ በአገሩም እርሻው ጦም ያድራል። በመጨረሻ ጕዳዩ ቢፈጸምለት አመስግኖ፥ ባይፈጸምለትም አንገቱን ደፍቶ ይመለሳል። ነገር ግን በዚህ ሁሉ መካከል ማንም ያልቈጠረው አንድ ሒሳብ ነበረ፤ ይኸውም ያ ሰው በደጅ ያሳለፈው ወር የማን ገንዘብ ነበረ? የሚለው ነው። ጌታው የወሰደበት ነገር ያለ አይመስለውም ነበር፤ ላሙን አልነዳበትም፥ እህሉንም አልጫነበትም። ባለ ጕዳዩም ራሱ ተወሰደብኝ አይልም ነበር፤ መጠበቁን እንደ አክብሮት ይቈጥረው ነበርና።

ይህ ልማድ ከመኳንንቱ ጋራ አብሮ ያለፈ የሚመስለው ሰው ቢኖር፥ ዛሬ በአሜሪካ አገር በታላላቅ የዕቃ መጋዘኖች ደጅ ተሰልፈው የሚውሉትን የጭነት መኪናዎች ይመልከት። ከነጂዎቹ መካከል ከኢትዮጵያ ሄደው በዚህ ሙያ ቤተ ሰብ የሚያስተዳድሩ ብዙዎች ስለ ሆኑ ነገሩ ለኢትዮጵያውያን የሩቅ ወሬ አይደለም። አንዲት እናት ከአዲስ አበባ ስልክ ደውላ «ልጄ፥ ሥራ ላይ ነህ ወይስ ዐርፈሃል?» ብትለው፥ መኪናውን በመጋዘን ደጅ አቁሞ አራት ሰዓት የጠበቀው ልጅ ለዚህች አጭር ጥያቄ ቶሎ የሚሰጠው መልስ አያገኝም። ሥራ ላይ ነኝ እንዳይል ለዚያ ሰዓት የሚከፍለው የለም፤ ዐርፌአለሁ እንዳይል ከዚያ ስፍራ ሊነቃነቅ አይችልም። «እየጠበቅሁ ነው» ብሎ ያልፋል። በሥራና በዕረፍት መካከል ያለው ይህ ስም የለሽ ሰዓት ግን ባለቤት ሊገኝለት ይገባል።

የነገሩ አካሄድ እንዲህ ነው። በአሜሪካ የረጅም መንገድ ነጂ አብዛኛውን ጊዜ የሚከፈለው በሰዓት ሳይሆን በማይል ነው፤ ይህም ማለት መንኰራኵሩ በዞረ መጠን ነው። መንኰራኵሩ ሲቆም ደመወዙም አብሮ ይቆማል። ጭነት የሚያነሣበት ሰዓት አስቀድሞ ይቀጠርለታል፤ እርሱ ቢዘገይ ተራው ያልፋል፥ አንዳንድ ጊዜም ለማግሥቱ ይተላለፋል። በሰዓቱ ደርሶ ወረቀቱን በመስኮት ሲያቀርብ ግን የሚሰጠው መልስ «ጠብቅ፥ እንጠራሃለን» የሚል ነው። ጭነቱ ገና አልተዘጋጀ ይሆናል፤ የመጫኛው በር በሌላ መኪና ተይዞ ይሆናል፤ ጫኞቹ አንሰው ይሆናል፤ ምክንያቱን አስረድቶ የሚነግረው የለም። ትቶ ቢሄድ ተራው ይጠፋበታል። ቢተኛ መቼ እንደሚጠራ አያውቅም። በአንዳንድ ስፍራ የመጸዳጃ ቤቱ በር እንኳ ለነጂ ዝግ ነው። አንድ ሰዓት ያልፋል፤ ሄዶ ቢጠይቅ «ትንሽ ቆይ» ይሉታል፤ ሁለተኛው ሰዓት ያልፋል፤ ደግሞ «ትንሽ ቆይ» ይሉታል። እያሳሳቀ ይወስዳል እንደ ውኃ የሚባለው ተረት ለዚህ ጊዜ የተነገረ ይመስላል፤ አምስት ሰዓት ትጠብቃለህ ተብሎ ቍርጡ ቢነገረው ምናልባት ሌላ መላ ይፈልግ ነበርና።

በዚያ አገር የንግድ ልማድ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓቶች ለባለ ጭነቱ በነጻ የተሰጡ ናቸው። ከዚያ በኋላ ውል ያለ እንደ ሆነ ባለ ጭነቱ በየሰዓቱ የመቆያ ገንዘብ ለመኪናው ኩባንያ ይከፍላል። ነገር ግን ገንዘቡን የጠየቀ ሁሉ ያገኘዋል ማለት አይደለም። ትንሹ ኩባንያ የመቆያ ሒሳብ ቢልክ በሚቀጥለው ሳምንት ጭነት እንዳይነፈገው ይፈራል፤ ስለዚህ ዝም ይላል። ቢከፈልም እንኳ ውሉ ካላስገደደ በቀር ገንዘቡ ከኩባንያው ሣጥን ወጥቶ ወደ ነጂው ኪስ የሚገባበት መንገድ የተረጋገጠ አይደለም። ደጅ የጠናው አንድ ሰው፥ የደጅ ጥናቱን ዋጋ የሚቀበለው ሌላ ሰው ይሆናል።

ከዚህ በላይ ደግሞ ለነጂው ጥበቃ የወጣው ሕግ ሳያስበው ሸክሙን ያከብድበታል። ሕጉ በራሱ መልካም ነው፤ በእንቅልፍ የደከመ ሰው ታላቅ መኪና እየነዳ ሰው እንዳይፈጅ የተደረገ ነውና። ነጂው ሥራውን በጀመረ ከ14 ሰዓት ወዲያ እንዳይነዳ፥ በነዚህም 14 ሰዓቶች ውስጥ ከ11 ሰዓት አብልጦ እንዳይነዳ ያዛል። ነጂው በመኪናው የመኝታ ክፍል ውስጥ በሕጉ የተወሰነውን ረዘም ያለ ዕረፍት ካላደረገ በቀር የ14ቱ ሰዓት ቈጠራ አይቆምም። ደግሞም እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ከ2017 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ (ከዚህ በኋላም የሚጠሩት ዓመቶች በዚሁ አቈጣጠር ናቸው) ይህን ሰዓት የሚመዘግበው የነጂው እጅ ሳይሆን ከሞተሩ ጋራ የተያያዘ መሣሪያ ነው። እንግዲህ አንድ ነጂ ከጠዋቱ በ1 ሰዓት ሥራውን ጀምሮ፥ አንድ ሰዓት ነድቶ በ2 ሰዓት ከመጋዘኑ ደጅ ቢደርስና እስከ 7 ሰዓት ቢጠብቅ፥ ሊነዳ የተፈቀደለት 10 ሰዓት ገና ቀርቶት ሳለ የቀኑ መስኮት ሊዘጋ የቀረው 8 ሰዓት ብቻ ይሆናል። ሁለቱ ሰዓት ጠፋ። በሰዓት 60 ማይል የሚነዳና በማይል 60 ሳንቲም የሚከፈለው ቢሆን፥ የጠፋው 120 ማይል፥ ገንዘቡም 72 ዶላር ነው። አምስቱን ሰዓት በነጻ የቆመው ሳይበቃ፥ ከምሽቱ ሥራ ደግሞ ተቀነሰበት ማለት ነው። ከዚያም በኋላ የቀረችውን ሰዓት ለማብቃቃት ይጣደፋል፤ መጣደፉም በመንገድ ላይ ያለውን ሁሉ የሚነካ ነገር ነው። በ2018 ዓ.ም. የአሜሪካ የትራንስፖርት ሚኒስቴር ዋና ኢንስፔክተር ቢሮ ባወጣው ምርመራ፥ በየመጋዘኑ የሚደረገው ቆይታ በአማካይ 15 ደቂቃ ቢጨምር የሚጠበቀው የአደጋ መጠን በ6.2 በመቶ ከፍ እንደሚል ገምቷል፤ ሙሉ ጭነት የሚያመላልሱ የቅጥር ነጂዎችም በመቆየት ምክንያት በዓመት ከ1.1 እስከ 1.3 ቢሊዮን ዶላር ገቢ እንደሚያጡ አስልቷል።

ይህን ያህል ስለ ነገሩ ሁኔታ ነው። አሁን ወደ ክርክሩ መግባት ይገባል። የመጋዘኑ ወገን የሚያቀርበው የመጀመሪያ ቃል ቀላልና ብርቱ ነው። ነጂው በዚያ ሰዓት ምን ሠራ? ዕቃ አልተሸከመም፥ መሪ አልጨበጠም። ተቀምጦ ስልኩን ሲመለከት፥ ምሳውን ሲበላ፥ ምናልባትም እንቅልፍ ሸለብ ሲያደርገው ዋለ። ላልተሠራ ሥራ ዋጋ መጠየቅ ምጽዋት ከመጠየቅ በምን ይለያል? ይላል።

ለዚህ ክርክር የአማርኛ ቋንቋ ራሱ መልስ አዘጋጅቶ የቈየ ይመስላል። መጠበቅ የሚለው ቃል ሁለት ትርጓሜ አለው፤ አንዱ አንድ ነገር እስኪመጣ መቈየት ነው፥ ሁለተኛውም ነገሩ እንዳይጠፋ መዘበብ ነው። ዘበኛ ሌሊቱን ሁሉ ጠበቀ ሲባል የሰሙት ሁሉ ሠራ ማለት እንደ ሆነ ያውቃሉ። ሌባ ስላልመጣ ደመወዝህ ይቀራል የሚል ጌታ የለም፤ እንዲያውም ሌባ ባለመምጣቱ ደስ ብሎት ይከፍለዋል። ነጂው ቀኑን ሁሉ ጠበቀ ሲባል ግን ያው ቃል ምንም አልሠራም ማለት ይሆናል። አንድ ቃል በዘበኛው ላይ ሥራ፥ በነጂው ላይ ሥራ መፍታት የሚሆንበት ምክንያት ምንድር ነው? ዘበኛውም እንደ ነጂው ተቀምጧል፤ ዘበኛውም አንዳንድ ጊዜ ሸለብ ያደርገዋል። ላብ ማፍሰስ የሥራ ምልክት ከሆነ ሁለቱም አልሠሩም፤ እንደ ልብ መሄድ አለመቻል የሥራ ምልክት ከሆነ ግን ሁለቱም ሠርተዋል።

በ1944 ዓ.ም. የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይህን ጕዳይ ነክቶት ነበር፤ ጕዳዩ የመኪና ነጂዎች ሳይሆን የእሳት አደጋ ተጠባባቂዎች ጕዳይ ነበረ። በቴክሳስ ግዛት በፎርት ወርዝ ከተማ በአንድ የሥጋ ፋብሪካ የሚሠሩ ሰባት ሰዎች፥ ከቀን ሥራቸው በላይ በሳምንት ሦስት ወይም አራት ሌሊት እሳት ቢነሣ ብለው በፋብሪካው ግቢ ያድሩ ነበር። የሚያድሩበት ቤት አልጋም፥ ራዲዮም፥ የዶሚኖ መጫወቻም ነበረው። እሳት የሚነሣው ከስንት አንድ ቀን ነበረ። የበታች ፍርድ ቤቶች እንዲህ ያለ ማደር ሥራ ሊባል አይችልም አሉ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን ፍርዱን ሽሮ ነገሩ እንደገና ይታይ አለ፤ በዚያው ቀንም በሌላ ተመሳሳይ ጕዳይ በቺካጎ ለሚገኙ የሳሙና ፋብሪካ ተጠባባቂዎች ፈረደላቸው። ሁለቱንም ፍርዶች የጻፉት ዳኛ ሮበርት ጃክሰን ነበሩ፤ እኒህም በማግሥቱ ዓመት በኑረምበርግ የናዚ ሹማምንትን የከሰሱት ናቸው። የሐሳባቸው ፍሬ ይህ ነው፤ ሰው ምንም ላለመሥራት እንኳ ሊቀጠር ይችላል፤ ተዘጋጅቶ መገኘት ራሱ የሚገዛና የሚሸጥ አገልግሎት ነው፤ ስለዚህ መመርመር የሚገባው ሰውዬው ሊጠብቅ የተቀጠረ ነው ወይስ ሊቀጠር የሚጠብቅ? የሚለው ነው።

ሊጠብቅ የተቀጠረና ሊቀጠር የሚጠብቅ! ልዩነቱ በአንድ ፊደል ቦታ ላይ የተንጠለጠለ ይመስላል፤ ነገር ግን ሰፊ ነው። በገበያ ቆሞ የሚቀጥረው የሚፈልግ የቀን ሠራተኛ ሰዓቱ የራሱ ነው፤ ቢሰለቸው ወደ ቤቱ ይሄዳል፥ ሌላ ቢጠራው ይከተለዋል። በመጋዘኑ ደጅ ያለው ነጂ ግን ከተቀጠረ ቈይቷል። የተላከው ወደዚያ ደጅ ነው፤ የሚጠብቀውም የራሱን ጭነት ሳይሆን የሰውን ጭነት ነው። ሌላ ሰው ጠርቶት ሊሄድ አይችልም።

ስለ ገበያው ሠራተኛ ሲነሣ በወንጌል የተነገረውን የወይን ቦታ ምሳሌ ማሰብ ይገባል። በአሥራ አንደኛው ሰዓት ተጠርተው የገቡት ሠራተኞች ከማለዳ ጀምረው ከደከሙት ጋራ እኩል አንድ ዲናር ተቀበሉ። (ያ አሥራ አንድ ሰዓት በኢትዮጵያ ሰዓት አቈጣጠር ያው አሥራ አንድ ሰዓት ስለ ሆነ፥ የኢትዮጵያ ገበሬ ፀሓይዋ ከወዴት እንደ ነበረች ያለ ትርጓሜ ያውቀዋል።) መምህራን ምሥጢሩን ወደ ንስሓና ወደ ጸጋ ያመጡታል፥ የሚገባም ነው። ነገር ግን ከምሥጢሩ በታች ባለው በታሪኩ ውስጥ፥ ብዙ ጊዜ ሳይታይ የሚታለፍ ነገር አለ። እነዚያ ሰዎች ስንፈተኞች አልነበሩም፤ ለምን ቆማችሁ ዋላችሁ? ተብለው ሲጠየቁ የሚቀጥረን አጣን ብለው መለሱ። ባለ ወይኑም ይህን ሰምቶ ዋጋቸውን በሰዓት አልቈረጠም። ቀኑን ሙሉ የቆመ ሰው ሲመሽ የሚበላው እንጀራ ቀኑን ሙሉ ከሠራው አያንስምና። ሰዓቱ የራሱ የነበረው ሰው እንኳ ይህን ያህል ከታሰበለት፥ ሰዓቱ በሌላ እጅ የተያዘበት ሰው እንዴት ይረሳል?

የሙሴም ሕግ የምንደኛው ዋጋ ፀሓይ ሳትገባ እንዲከፈለው ሲያዝ፥ ምክንያቱን ጨምሮ ነው የተናገረው፤ ድኻ ነውና ነፍሱ በዚያ ዋጋ ላይ ናት ይላል ትርጕሙ። እንግዲህ ዋጋውን ጨርሶ የከለከለ ብቻ ሳይሆን እስከ ነገ ያስጠበቀው ሰው ደግሞ በደለኛ ነው። ሙሉ ገንዘቡ ነገ ቢከፈለው ምን ጐደለበት? ብሎ የሚጠይቅ ሰው ይኖራል። የጐደለበት አንድ ሌሊት ነው፤ ሕጉም ያንን አንድ ሌሊት እንደ ተወሰደ ንብረት ቈጥሮታል።

በዛሬው የአሜሪካ ሕግ ግን የዳኛ ጃክሰን ሐሳብ ለነጂው ብዙ አልጠቀመውም። በ1938 ዓ.ም. የወጣው የሠራተኞች ደመወዝ ሕግ፥ ከ40 ሰዓት በላይ ለሚሠራ ሰው የትርፍ ሰዓት ዋጋ ሲያዝ የረጅም መንገድ ነጂዎችን ከዚህ ክፍል አውጥቷቸዋል፤ የነጂዎች ሰዓት ከሦስት ዓመት በፊት በወጣ ሌላ ሕግ ለሌላ መሥሪያ ቤት ተሰጥቶ ነበርና። ዝቅተኛው ደመወዝ ይመለከታቸዋል፤ ነገር ግን የሚሰላው የሳምንቱን ገቢ በሳምንቱ ሰዓት በማካፈል ስለ ሆነ፥ በመንገድ ላይ የተገኘው ገንዘብ በደጅ የጠፋውን ሰዓት ይሸፍነዋል። ሰዓቱ ሥራ ነው ቢባልም በሒሳቡ ውስጥ ጨው በውኃ እንደሚሟሟ ይሟሟል። በካሊፎርኒያ ግዛት በ2015 ዓ.ም. ወጥቶ በ2016 መጀመሪያ የጸና ሕግ ይህን መንገድ ዘግቷል፤ በሥራው ብዛት የሚከፈለው ሠራተኛ በአሠሪው ሥር ሆኖ ሌላ ነገር ሳይሠራ ያሳለፈው ሰዓት ለብቻው ተቈጥሮ ለብቻው ይከፈል ይላል። በአንድ ግዛት የተጻፈ ሕግ ብቻ መሆኑን ግን መዘንጋት አይገባም።

እዚህ ላይ አንድ አስደናቂ ነገር አለ። በባሕር ንግድ ውስጥ የመጠበቅ ዋጋ ከብዙ መቶ ዓመታት ጀምሮ የታወቀ ነው። ነጋዴ መርከብ ሲከራይ የመጫኛና የማራገፊያ ቀን በውሉ ይወሰናል፤ ቀኑ ካለፈ በየቀኑ የመቆያ ኪራይ ለባለ መርከቡ ይከፍላል። መርከቢቱ በነዚያ ቀኖች ምን ሠራች? ብሎ የሚከራከር አልተገኘም። መልሕቋን ጥላ ተኝታ ነበር፤ ቢሆንም ዋጋዋ ይከፈላል። ይህን ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ኮንቴይነሩ በጂቡቲ ወደብ ከነጻው ቀን አልፎ የቈየበት አስመጪ ነጋዴ ሁሉ ባዶ የብረት ሣጥን በየቀኑ እንዴት እንደሚበላ ያውቃል። ብረት ሲጠብቅ ገንዘብ ይወልዳል። ብረቱን የሚነዳው ሰው ግን ሲጠብቅ የራሱን ገንዘብ ያጣል። ብረቱ ከሰው ስለ ከበረ ነው ማለት ይቀላል፥ ግን ትክክለኛው ምክንያት አይደለም። ባለ መርከቡና ባለ ጭነቱ በጕልበት የሚተካከሉ፥ ጠበቃ ይዘው ውል የሚጽፉ ሰዎች ስለ ነበሩ ነው፤ ለብረቱ የሚናገርለት ባለቤት ነበረው።

ከዚህ የሚበልጥ ክርክር ግን ከኩባንያዎቹ በኩል ይመጣል፥ ይህም በቀላሉ የሚናቅ አይደለም። የማይሉ ዋጋ የመጠበቁን ሰዓት አስቀድሞ ያካተተ ነው ይላሉ። ነጂው ሲቀጠር በየደጁ እንደሚቆም ያውቅ ነበር፤ ዐውቆ የተስማማውን ሰው ማን በደለው? እውነት ነው፤ ማይሉ መንዳትን ብቻ የሚከፍል ቢሆን ምናልባት ዋጋው ከዚህ ባነሰ ነበር። ነገር ግን በማይል ውስጥ የተካተተው አማካዩ መጠበቅ ነው፤ የሚጠብቀው ሰው ደግሞ በአማካይ አይጠብቅም። አንዱ በሃያ ደቂቃ ጭኖ ይወጣል፥ ሌላው ከጠዋት እስከ ማታ ይቆማል፤ ሁለቱም የተቀበሉት ዋጋ እኩል ነው። ዕጣ ማለት ይህ ነው። ደግሞም መጠበቁን ሊያሳጥር የሚችለው መጋዘኑ ብቻ ነው፤ ነጂው ቢተጋም ቢሰንፍም በሩ አንድ ደቂቃ ቀድሞ አይከፈትለትም። ሸክሙን ሊያቀልል በማይችለው ሰው ላይ ጭኖ፥ ሊያቀልል የሚችለውን ነጻ ማውጣት ውል ሊሆን ይችላል፤ ፍትሕ መሆኑ ግን ያጠራጥራል።

እንዲያውም ነገሩ ከዚህ ይከፋል። መጋዘኑ ሌላ የመጫኛ በር ቢሠራ ገንዘብ ይወጣበታል፤ ሦስት ጫኞች ቢጨምር ደመወዝ ይወጣበታል፤ ዐሥር መኪናዎች በደጁ ቢቆሙ ግን፥ በሁለቱ ነጻ ሰዓቶች ውስጥ፥ ሒሳቡም ከቶ ካልተጠየቀ ከዚያም በኋላ፥ የሚወጣበት ምንም የለም። ስለዚህ ለስድስት በር ዐሥር መኪና ይቀጥራል፤ አራቱ ቢጠብቁ ይጠብቁ፥ ከሚመጡት አንዱ ቢዘገይ ግን በር ባዶ አይቀርበትም። የተሰለፉት መኪናዎች ጎማ ያለው ነጻ መጋዘን ሆነውለታል። ይህን ያሰበው ሰው ክፉ ሰው ላይሆን ይችላል። ወረቀት ላይ ተጽፎ ያየው ወጪ ሁሉ ቀንሷል፤ ያልተጻፈውን ማን ያያል?

በዚህም ከጥንቱ ደጅ ጥናት ጋራ ያለው ታላቅ ልዩነት ይታያል። በጥንቱ ደጅ ጌታ ነበረ። ፊቱ ይታወቃል፤ ሊለመን፥ ሊራራ፥ ሊያፍርም ይችላል። አልቃሽ ሴት ከፈረሱ ፊት ብትወድቅ ልቡ ሊነካ ይችል ነበር። በመጋዘኑ ደጅ ግን ጌታ የለም። በመስኮቱ በኩል ያለው ጸሓፊ ራሱ በሰዓት ተቀጥሮ የሚውል፥ በሮቹን ያላበዛ ጫኞቹንም ያላሳነሰ ምስኪን ሠራተኛ ነው። ቀኑን ሙሉ የሚጠብቁ ሰዎችን ቍጣ ሲቀበል ስለሚውል ቃሉ ያጠረ፥ ፊቱም የጨለመ ይሆናል። ነጂውም ቍጣውን የሚያራግፍበት ሌላ ፊት ስለማያይ በእርሱ ላይ ያራግፋል። ሁለት ድኾች ሦስተኛው ሰው በሠራው ሥራ በመስተዋት መካከል ሆነው ይጣላሉ፤ ሦስተኛው ሰው ግን በሌላ ከተማ ነው፥ ስለ ነገሩም አልሰማ ይሆናል። በደል አድራጊ የማይታይበት በደል ከሁሉ ይልቅ ዕድሜው ይረዝማል፤ ይቅር የሚባል ሰው የለበትምና፥ የሚወቀስም የለበትምና።

እንግዲህ የመቆያው ዋጋ በሰዓቱ ቢከፈል በደሉ ይወገዳልን? እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ያለፈ ሰዓት በገንዘብ አይመለስም። ቅዳሜ ማታ ለልጁ የልደት ቀን እደርሳለሁ ብሎ በመጋዘን ደጅ የመሸበት አባት፥ በእጁ 100 ዶላር ቢቈጠርለት ልጁ ሻማውን ሲያጠፋ አላየም። ባለጸጋውም ኩባንያ ገንዘቡን እየከፈለ ሰውን ማስቆሙን ቢቀጥል፥ ምን ቀረ? እከፍላለሁና አስቆማለሁ የሚል ሰው፥ ሳይከፍል ከሚያስቆመው ይሻላል፤ ነገር ግን የሰው ዕድሜ የሚገዛ ዕቃ ነው የሚለውን ሐሳብ ይዞ ይቀጥላል። በዚህ በኩል ለክፍያው የሚሟገቱት ሰዎች ከሚገባው በላይ ተስፋ ያደረጉ ይመስላል።

ነገር ግን ክፍያ ዋጋ ብቻ አይደለም። ከገንዘቡ በፊት የሚመጣ አንድ ሥራ አለው፤ ለመክፈል መቍጠር ያስፈልጋል፥ ለመቍጠርም መጻፍ ያስፈልጋል። መኪናው በ2 ሰዓት ደረሰ፥ በ7 ሰዓት ወጣ ተብሎ በተጻፈ ጊዜ በመካከል ያለው አምስት ሰዓት ስም ያገኛል። ያን ጊዜ በሌላ ከተማ ያለው ሦስተኛ ሰው በወሩ መጨረሻ ወረቀቱን ሲገልጥ ያየዋል፤ ይህ ምንድር ነው? ብሎም ይጠይቃል። ለሌላ በር የሚወጣው ገንዘብ ከዚህ ጋራ ይነጻጸራል። ጌታ ያልነበረው ደጅ በዚህ መንገድ ጌታ ያገኛል። የጥንቱ ባለ ጕዳይ ስንቁ ባለቀ ጊዜ ስንት ቀን እንደ ጠበቀ የሚያውቅ ከራሱ በቀር ማንም አልነበረም፤ ጌታውም ሳያውቅ ሞተ።

ስለዚህ ልምድ ያላቸው ነጂዎች አዲስ ለሚገባው ነጂ ከሁሉ አስቀድመው የሚመክሩት ስለ ተራራ መንገድ ወይም ስለ በረዶ አይደለም። በበሩ እንደ ደረስህ የደረስህበትን ሰዓት በወረቀትህ ላይ አስጽፍ፥ ስትወጣም አስጽፍ፥ አስፈርምም ይሉታል። በበሩ ያለው ዘበኛ አንዳንድ ጊዜ «አያስፈልግም፥ ግባ» ይለዋል፤ ከኋላ ያሉት መኪናዎችም ጥሩምባቸውን ይነፋሉ። ነጂው ግን መስተዋቱን ዝቅ አድርጎ ወረቀቱንና ብዕሩን በመስኮቱ እንደ ዘረጋ፥ ዘበኛው ቀና ብሎ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አይቶ እስኪጽፍለት ድረስ እግሩን ከፍሬኑ አያነሣም።